ካባው ሳይከፈት መለኪያው ይመረጥ

ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ በሚያልፈው አስፋልት ሥር ያለው ጠጠር፣ የትምህርት ቤቱ መሠረት፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኮንክሪት፣ ሁሉም ከሆነ ቦታ ተቆፍሮ የመጣ ነው። ያ ቦታ ደግሞ የገበሬ ማሳ ጎን፣ የመንደር ምንጭ ራስጌ ወይም የደብር ግርጌ ነው። ማዕድን ሲባል ወርቅና ኦፓል ቀድሞ ይታሰበን እንጂ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሰው በየዕለቱ የሚያውቀው ማዕድን ድንጋይ፣ ገረጋንቲና የወንዝ አሸዋ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ካባ ሊከፈት በታሰበበት ቀበሌ ሰዎችን ሰብስባችሁ «ሥራው በደህና መሄዱን በምን እናውቃለን?» ብላችሁ እንድትወስኑ ለምትጠበቁ ነው፤ ለወረዳ ባለሙያዎች፣ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለእድር ዳኞች፣ ለካባው ባለቤትም ጭምር። ዘላቂነት የምንለው ካባው እየሠራም ሆነ ከተዘጋ በኋላ አካባቢው ውሃውን፣ አፈሩን፣ ጤናውንና እንጀራውን ሳያጣ መቀጠሉን ነው። መለኪያ የምንለው ደግሞ ይህ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየንን፣ ባለሙያዎች አመላካች የሚሉትን ቁጥር ነው።

የመለኪያ ምርጫ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ያልተለካ ነገር በሪፖርት አይገባም፤ በሪፖርት ያልገባ ነገር በስብሰባ አይነሣም። ባለቤቱ ቢመርጥ በቀን የወጣውን ሜትር ኩብ ይቆጥራል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢመርጥ የተፈጠረውን የሥራ ዕድልና የተሰበሰበውን ገቢ ይቆጥራል። ውሃ ቀጂዋ ብትመርጥ ጀሪካኗ እስኪሞላ የቆመችበትን ጊዜ ትቆጥራለች። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ግን አንድ ዓይነት ሥልጣን የላቸውም።

መለኪያ አስቀድሞ ካልተስማሙበት ምን እንደሚከተል በወቅቱ የአገራችን ትልቁ ከነበረው የወርቅ ማዕድን መማር ይቻላል። በጉጂ ዞን የለገደንቢ ፈቃድ በታደሰ ማግስት፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ ነዋሪው «በጤናችንና በከብቶቻችን ላይ ጉዳት ደርሷል» ብሎ በመነሣቱ ፈቃዱ ታገደ። ማዕድኑ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2013 ዓ.ም. ነው። የወርቁ መጠን ለዓመታት በኪሎ ግራም ሲመዘገብ ኖሯል፤ ክርክሩ በተነሣ ጊዜ ግን ሁለቱም ወገን እኩል የሚያምነው የጤናና የውሃ መዝገብ አልነበረም። ካባ ከወርቅ ማዕድን ቢያንስም ጥያቄው ያው ነው።

መመሪያው የቆመበት ደንብ አንድ ነው፦ ጉዳቱን የሚሸከም ወገን ሁሉ በብዙኃን ድምፅ የማይሰረዝ አንድ መለኪያ ይኑረው። የቀረው ይህን በሥራ ላይ የማዋያ መንገድ ነው።

1. መጀመሪያ ሰነዶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ

ምክክሩ ባለሥልጣን ሲፈልግ የሚያደርገው ችሮታ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሕዝብ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ያደርጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፕሮጀክቶች ሲታቀዱም ሲፈጸሙም የሚነኩት ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይጠይቃል። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለአገር ውስጥ ባለሀብት የኮንስትራክሽን ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁ እስከ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም።

ከወረዳው ሦስት ወረቀቶች ጠይቁ፦ የፈቃዱን ቅጂ ከነካርታው፣ የተፅዕኖ ግምገማውን፣ እና የካሳ ግምቱን። ካርታውን በዓይን ብቻ አትመልከቱ፤ ከሽማግሌዎች ጋር ድንበሩን በእግር ዙሩት። በወረቀት ላይ «ጥቅም የማይሰጥ ኮረብታ» የተባለው ቦታ በክረምት ግጦሽ፣ በበጋ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

2. ባለጉዳዮቹን በሚደርስባቸው ነገር ለዩ

«ኅብረተሰቡ ተወያይቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ይደብቃል። ካሳ የሚቀበለውና ካሳ የማያገኘው፣ ሥራ የሚጠብቀውና ግድግዳው የሚሰነጠቀው አንድ ሕዝብ ተብለው ይጠራሉ። በማንኩሳ ዙሪያ ላለ ቀበሌ የሚከተለው አከፋፈል መነሻ ሊሆን ይችላል፦

ሀ. መሬታቸው የሚወሰድባቸው፣ የይዞታ ደብተር ያላቸው ገበሬዎች።
ለ. ያንኑ መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ በስማቸው ደብተር የሌላቸው።
ሐ. ከካባው በታች ካለው ምንጭ የሚቀዱ ሴቶችና ልጃገረዶች።
መ. በፍንዳታው አቅራቢያና በመኪናው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ።
ሠ. ሥራ ፈላጊ ወጣቶችና የካባው የቀን ሠራተኞች።
ረ. በመንገዱ ግራና ቀኝ በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ፣ ንብ የሚያነቡ።
ሰ. የካባው ባለቤት ወይም የመንገድ ተቋራጩ።
ሸ. የወረዳው የማዕድን፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የግብርና፣ የውሃና የጤና ጽሕፈት ቤቶች።

አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ይግባ። ልዩ ትኩረት የሚያሻው ግን «ለ» ነው። የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሣ ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ያሰላል። በእኩል የሚያርሰው ሰው ግን ምርቱን ከባለይዞታው ጋር ሲካፈል ኖሮ ካሳ ሲመጣ ስሙ በዝርዝር ላይ የለም። እሱን ስብሰባ የሚጠራው ከሌለ መለኪያውንም የሚያነሣለት የለም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ዕጩ አባል የሆነችበት የማውጫ ኢንዱስትሪዎች ግልጽነት ኢኒሼቲቭ መንግሥትን፣ ኩባንያንና ሲቪል ማኅበረሰብን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል። ለአገር አቀፍ የገቢ ሪፖርት ሦስቱ ወንበሮች ሊበቁ ይችላሉ። በቀበሌ ግን ከ«ሀ» እስከ «ረ» ያሉትን ስድስት ወገኖች በአንድ ወንበር ማስቀመጥ አምስቱን ዝም ማሰኘት ነው።

3. ለየብቻ አነጋግሩ፤ ከዚያ አገናኙ

መጀመሪያ ጠቅላላ ስብሰባ ከጠራችሁ የምትሰሙት የሚናገሩትን ሰዎች ብቻ ነው። እያንዳንዱን ወገን በራሱ ቦታና በራሱ ሰዓት አግኙት። ሴቶቹን ውሃ ከቀዱ በኋላ ወይም በጤና ኬላው፣ ገበሬዎቹን ሰንበት ከቅዳሴ መልስ፣ የቀን ሠራተኞቹን ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ሳይሆን በሌላ ቀን፣ አለቃቸው በሌለበት። በርበሬ በሚለቀምበትና በሚሰጣበት፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ስብሰባ አትጥሩ፤ የሚመጣው ሥራ የሌለው ሰው ብቻ ይሆናል።

ሴቶቹን የሚያነጋግር ሴት ብትሆን ይመረጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ከየት ውሃ እንደሚቀዳ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ስብሰባን ራሱን ከባድ አድርጎታል። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ሰው አትሰብስቡ። ቃለ ጉባኤ ስትይዙ የተሳታፊዎችን ስም ሳይሆን ወገናቸውንና ብዛታቸውን ጻፉ፤ ፊርማ የሚያስፈራ ከሆነ አታስፈርሙ። ሰው ስሙ የት እንደሚደርስ እየተጨነቀ የሚሰጣችሁ መልስ እናንተን ማስደሰቻ እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

ጥያቄያችሁ «ምን መለኪያ ትፈልጋላችሁ?» አይሁን። ይልቁንም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካባው ሲከፈት ምን እንዳይበላሽባችሁ ትፈራላችሁ? ምን ጥሩ ነገር ትጠብቃላችሁ? መበላሸቱን ወይም መሳካቱን መጀመሪያ የምታዩት በምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። «እትዬ፣ ምንጩ መቀነሱን በምን ያውቃሉ?» ብትሏቸው «ሚያዝያ ላይ አንዱ ጀሪካን እስኪሞላ ሌላዋ ተራዋን ትታ ትሄዳለች» ሊሏችሁ ይችላሉ። መለኪያው ተገኘ ማለት ነው፤ የቀረው ሰዓት መያዝ ነው።

4. ስጋቱን ወደሚቆጠር ነገር ለውጡ

ከስምንቱ ወገኖች ሠላሳና አርባ ሐሳብ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እያንዳንዱን በአራት ጥያቄ አጥሩ።

*ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቢለኩት ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛሉ?* «የአየር ብክለት» አይለካም፤ «መኪናው በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚያርፈው አቧራ» ይለካል።

*ውጤትን ነው ወይስ ድካምን የሚቆጥረው?* በአረንጓዴ አሻራ ዘመን ሁላችንም እንደምናውቀው የተተከለ ችግኝና የጸደቀ ችግኝ ይለያያሉ። በካባም እንዲሁ «የተሰጠ የደኅንነት ሥልጠና» ሳይሆን «የተጎዳ ሠራተኛ» ይቆጠር።

*በቀላሉ ይታለላል?* እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሡት ሐሳብ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ባጭሩ፣ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል። መለኪያችሁ «የተቀጠሩ ወጣቶች ብዛት» ከሆነ መቶ ወጣት ለአንድ ሳምንት ቀጥሮ ማሰናበት ያስመሰግናል። «ደመወዙ በሰዓቱ የተከፈለ የሥራ ቀን» ብትሉት ግን ማታለሉ ይከብዳል። ይህንንም በሴትና በወንድ፣ በቀበሌው ተወላጅና ከውጭ በመጣ ከፋፍላችሁ ያዙት።

*በእጃችን ባለው ገንዘብና ሰው ይለካል?* ካልተቻለ ቀላሉን ዘዴ ፈልጉ፤ ለላቦራቶሪ ገንዘብ ስለሌለ ብቻ ስጋቱን አትሰርዙ።

ቀላል ዘዴ ስንል አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ማንኩሳና ቡሬ በበርበሬ የታወቁ ናቸው። ዛላው መሬት ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ በሚደርቅበት ጊዜ ገልባጭ መኪና በጥርጊያው መንገድ ሲመላለስ አቧራው እርጥቡ ዛላ ላይ ያርፋል፤ ሲደርቅም ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ስጋት የሚያነሣው «ረ» ብቻ ነው፤ ከከተማ የመጣ አማካሪ በዝርዝሩ ላይ አይኖረውም። አራት ቁራጭ ነጭ አቡጀዲ ውሰዱ፤ ከመንገዱ 20፣ 100፣ 300ና 1000 ሜትር ርቀት ላይ፣ ልክ እንደ በርበሬው መሬት ላይ አንጥፋችሁ በድንጋይ ያዟቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፎቶ አንሡ። ከዚያ የመንገድ ዳሩንና የውስጡን በርበሬ በአንድ ቀን ለአንድ ነጋዴ አሳዩና በኪሎ የሚሰጠውን የዋጋ ልዩነት መዝግቡ። አቡጀዲው አቧራውን ያሳያል፤ የዋጋው ልዩነት ጉዳቱን በብር ያስቀምጣል።

ይህ ዘዴ የጤናን ጥያቄ አይመልስም። ለሳንባ አደገኛ የሆነው ደቃቅ ብናኝ በዓይን አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ በሜትር ኩብ አየር ከ45 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ይህን የሚለካው መሣሪያ ነው። ክሬሸር የሚተከል ከሆነ የመሣሪያ ልኬቱ በባለቤቱ ወጪ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው በደረቁ ወራት፣ እንዲደረግ በስምምነቱ አስገቡ።

5. ምርጫውን በሁለት ዙር አድርጉ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። እንበል 60 ሰው ተሰብስቧል፤ 35ቱ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ናቸው፤ ከፍንዳታው አጠገብ ያሉት አባወራዎች 5 ብቻ ናቸው። እጅ አውጡ ቢባል ሥራ አንደኛ ይወጣል፤ የግድግዳ ስንጥቅ መጨረሻ ይሆናል። ወጣቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ስንጥቁ የነሱ ቤት አይደለም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

*አንደኛ ዙር።* ከ«ሀ» እስከ «ረ» ያሉት ስድስቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው አንድ መለኪያ ለየብቻ ይምረጡ። ይህ መለኪያ በአራቱ ጥያቄዎች ካለፈ በቀጥታ ይገባል፤ ሌላው ወገን ሊሰርዘው አይችልም። ካላለፈ ባለሙያው አስተካክሎ ያቀርበዋል እንጂ አይጥለውም። ባለቤቱና ጽሕፈት ቤቶቹ በዚህ ዙር የሉም። አንዱ ሥራውን የማቆም፣ ሌላው ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን አስቀድሞ በእጁ አለ።

*ሁለተኛ ዙር።* የቀሩት መለኪያዎች ለሁሉም ቀርበው ስድስት ይመረጡ። ድምፁ ለሰው ሳይሆን ለወገን ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ወገን 10 የበቆሎ ፍሬ ስጡ፤ በድምሩ 80 ፍሬ ይሆናል። ለእያንዳንዱ መለኪያ ሥዕል የተለጠፈበት ኩባያ አስቀምጡ፤ ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ጉድጓድ፣ መኪና። ማንበብ የማይችል ሰው እኩል ይመርጣል። አንድ ወገን በአንድ ኩባያ ከ4 ፍሬ በላይ አይጨምር፤ ካልሆነ ሁሉም የየራሱን ብቻ ይሞላል። ኩባያዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሁኑ፤ ቆጠራው ግን በአደባባይ።

አማካሪ ድርጅቶች ከዚህ የተራቀቀ ስሌት ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ቶማስ ሳቲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበሩት፣ መለኪያዎችን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያወዳድረው ዘዴ በማዕድን ጥናቶች ውስጥ የተለመደ ነው። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ክብደቱን እስከ ሁለተኛ አሥርዮሽ አስልቶ ይሰጣችኋል። እናንተ ግን አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ የማን ንጽጽር ነው ተደምሮ የተካፈለው? አሥር መሐንዲስና አንድ ገበሬ ጠይቆ አማካይ ማውጣት እጅ ከማስወጣት አይሻልም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

በዚህ መንገድ የሚወጣው ዝርዝር የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

ከአንደኛው ዙር፦
— ካሳ ከተገመተበት ቀን እስከ ተከፈለበት ቀን ያለው የቀን ብዛት (ሀ)
— ምትክ መሬት ወይም ቋሚ ሥራ ያገኙ በእኩል አራሾች ከጠቅላላው (ለ)
— ጀሪካን የሚሞላበት ሰከንድ (ሐ)
— አዲስ የተሰነጠቁ ወይም ስንጥቃቸው የረዘመ ቤቶች (መ)
— ደመወዙ በሰዓቱ የተከፈለ የሥራ ቀን (ሠ)
— የመንገድ ዳርና የውስጥ በርበሬ የዋጋ ልዩነት (ረ)

ከሁለተኛው ዙር፦
— በሥራ ላይና በመንገድ ላይ የደረሰ የሰውና የከብት ጉዳት
— አጥር የሌለው፣ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ብዛት
— ተገፎ ለብቻ የተከመረ ለም አፈር መጠን
— ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ያለፉ መኪኖች
— ለአካባቢው ልማት ከተገባው ቃል የተፈጸመው
— በ15 ቀን ውስጥ መልስ ያገኘ አቤቱታ ከቀረበው

አሥራ ሁለት በቂ ነው። ከዚያ ከበዛ የሚለካው ሰው ይሰለቻል፤ መዝገቡም ባዶ ይሆናል።

6. መነሻውን ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት ለኩ

መነሻ ቁጥር ከሌለ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ለሚለው መልስ የላችሁም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በየወሩ በአንድ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ጻፉ። ከካባው ርቆ ያለ ሌላ ምንጭም አብራችሁ ለኩ፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ የካባው ብቻ ከቀነሰ ነገሩ ሌላ ነው። ሙሉ ዓመት ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ፣ የመንገድ ተቋራጭ ካባ አብዛኛውን ጊዜ ጥድፊያ ነውና፣ ቢያንስ መጋቢትና ሚያዝያን አታሳልፉ።

ለቤቶቹ እያንዳንዱን ግድግዳ ከውስጥና ከውጭ ፎቶ አንሡ። ያለ ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉ፤ ስንጥቁ መስመሩን ካለፈ ያለ ክርክር ይታያል። የጭቃ ቤት በክረምትም ስለሚሰነጠቅ ከካባው ርቀው ያሉ ጥቂት ቤቶችንም መዝግቡ። ፎቶው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ በቀበሌው፣ በካባው ባለቤትና በእድሩ።

7. እያንዳንዱን ቁጥር ከግዴታ ጋር እሰሩት

ቁጥር ብቻውን ምንም አያስቆምም። ለእያንዳንዱ መለኪያ ሁለት ወሰን አስቀምጡ፤ ቢጫና ቀይ። ቢጫው ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ነው፤ ቀዩ ደግሞ ሥራ ያስቆማል። ለምሳሌ ጀሪካኑ ከመነሻው በሩብ ከዘገየና የሩቁ ምንጭ ካልዘገየ ቢጫ፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥቶ ያጣራል። በግማሽ ከዘገየ ቀይ፤ ባለቤቱ በማግስቱ ውሃ በቦቴ ያቀርባል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ በዚያ አቅጣጫ ቁፋሮው ይቆማል። ለአቧራው ቢጫ ሲነካ መንገዱ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ይረጫል፤ በርበሬ በሚሰጣበት ሰሞን የመኪናው ፍጥነት ይቀንሳል።

ወሰኑን ከባዶ አትፍጠሩ፤ መነሻ የሚሆን ሲኖር ያዙት። ለድምፅ ለምሳሌ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። የፍንዳታ ሰዓት ግን ዴሲቤል ብቻ አይወስነውም፤ ቅዳሴና ቀብር ያለበትን ሰዓት፣ ትምህርት የሚካሄድበትን ሰዓት ከ«መ» ጋር ተነጋገሩበት። ግዴታው «ጥረት ይደረጋል» ተብሎ አይጻፍ። ማን፣ ምን፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ የሚሉት አራቱ ይኑሩበት።

8. የሚለካውንና የሚያነበውን ለዩ

ባለቤቱ ብቻውን ከለካ ማንም አያምነውም፤ መንደሩ ብቻውን ከለካ ባለቤቱ አይቀበለውም። ሁለት ሰው አብረው ይለኩ፤ አንዱ ከካባው፣ አንዱ ከጉዳዩ ባለቤት ወገን። የጀሪካኑን ከ«ሐ» የመጣች ሴት፣ የበርበሬውን ከ«ረ» የመጣ ገበሬ ይያዝ። ሁለቱም በደብተሩ ላይ ይፈርሙ፤ ካልተስማሙ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ። የአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር በየሦስት ወሩ ድንገት መጥቶ ቢያመሳክር ጥሩ ነው። የለኪዎቹ አበል ከባለቤቱ ይምጣ፤ ከፋዩ ግን ቀበሌው ወይም እድሩ ይሁን፤ ያልተመቸ ቁጥር የጻፈ ሰው አበሉ እንዳይቀር።

ውጤቱ በየወሩ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ይለጠፍ፤ በእድር ቀንም ይነበብ። ወረዳው ሪፖርቱን ከሕዝቡ በኋላ ቢያገኝ ችግር የለውም፤ ሕዝቡ ከወረዳው በኋላ ማግኘቱ ግን መተማመንን ይገድላል።

9. በዓመቱ ፈትሹ፤ መዝጊያውንም ዛሬ አስቡ

በዓመቱ ስምንቱ ወገኖች እንደገና ይቀመጡ። ማንም ያልተጠቀመበትን መለኪያ አውጡ፤ ያላሰባችሁት ችግር ከመጣ አስገቡ። ከአንደኛው ዙር የገባ መለኪያ የሚወጣው ግን ያስገባው ወገን ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ብዙ ካባ የሚጎዳው ከተዘጋ በኋላ ነው። ተቋራጩ አስፋልቱን ጨርሶ ማሽኑን ጭኖ ሲሄድ የውሃ ሽታ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፤ ከብትና ልጅ ይገባበታል። የማዕድን አዋጁ ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማልማት የሚያስፈልገውን ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ስለዚህ በመለኪያችሁ ውስጥ ያሉት ጉድጓድና ለም አፈር እስከ መጨረሻው ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው ቀን በኋላም ቢያንስ ሁለት ክረምት ይለኩ። የማጠቃለያ ርክክብ ላይ ለኪዎቹ በሌሉበት አትፈርሙ።

ሥራው መበላሸቱን የምታውቁበት

ሁሉም መለኪያ ለስድስት ወር አረንጓዴ ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ወይ ወሰኑ ላላ፣ ወይ ደብተሩ ቢሮ ውስጥ ይሞላል። ከአንድ ወገን አንድም አቤቱታ ካልመጣ ደስ አይበላችሁ፤ አቤት የሚባልበት በር መዘጋቱን አጣሩ። ባለቤቱ «ይህ መለኪያ ይቅርብኝ» ብሎ ከለመነ ያ መለኪያ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሆኖም ስሙት፣ አንዳንዴ ልክ ነው፤ የተሻለ አለኝ ካለም ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ ወቅት ይለኩ።

ወገኖቹ የማይስማሙበት ነገር ይኖራል። ወጣቱ ካባው ሌሊትም እንዲሠራ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱ መተኛት ይፈልጋል። ይህን መለኪያ አይፈታውም። አለመስማማቱን በቃለ ጉባኤው ላይ በሁለቱም ቃል ጻፉት፤ ውሳኔውን ማን እንደሰጠና በምን ምክንያት እንደሰጠም አብራችሁ ጻፉ። በዓመቱ ስትገናኙ ያን ገጽ መጀመሪያ ክፈቱና የዓመቱን ቁጥሮች አጠገቡ አስቀምጡ፤ ውሳኔው የጸናበት ወይም የሚለወጥበት ምክንያት ከዚያ ይምጣ።